ሸኚዎቹን ይዞ የሄደ ባቡር

ከወሎ ከተመለስኩ ወዲህ ሰፈሬ ከዚራ ውስጥ ሰላም የለኝም። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ አመሻሽ ላይ በር ላይ ቁጭ ስል፣ «ሶፊያ፣ እስቲ የባቡሩን ንገሪን» ነው። ለአንዱ ነግሬ ስጨርስ ሌላው ይመጣና ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ ይለኛል። ሲሰለቸኝ ጊዜ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የጻፍኩትም ድሬዳዋን ለቆ ለማያውቅና ወደፊትም ለማይለቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችን ሞልቷል፤ እኔም እስከ ዘንድሮ ድረስ ያው ነበርኩ።

የጉዞዬ ምክንያት ታናሽ ወንድሜ ጀማል ነው። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር እኛ ቤት ሰዓት የሚታወቀው በባቡር ጩኸት ነበር። ጀማል የአባቱን ሙያ ይዞ ኮምቦልቻ ገባ። እዚያ ተዘርግቶ ሲያበቃ ሰው ሳይጭን ዓመታት የተኛ ሐዲድ አለ፤ እሱን ከሚጠግኑት ሠራተኞች አንዱ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ አገባ። ከብዙ ጥበቃና ከብዙ ዱዓ በኋላ ዘንድሮ ሴት ልጅ ወለዱ።

«ነይና አራስ ጠይቂ» አለኝ በስልክ። «ደግሞ የሙከራው የመንገደኛ ባቡር ሊሄድ ነው። የአባታችን ልጅ ሳትኖርበት አይሆንም።»

ሻንጣዬን ሳልሸክፍ ለቅሶዬን ጨረስኩ።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ

ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ ተነሳን። ይዤ የወጣሁት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፌስታል ማንጎና ለአራሷ ብዬ ያሠራሁት አንድ ቆርቆሮ ሐልዋ ነበር። ሹፌሩ «እቃውን ላይ እንጫነው» ቢለኝ፣ «ሐልዋዬን ከምትጭነው አንተን ልጫንህ» ብዬው ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ምነው አፌን በዘጋሁ! ሚኤሶን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ግመል መንገድ ሲያቋርጥ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ክዳኑ ተከፈተ። በሙቀቱ የላላው ሐልዋ አጠገቤ በተቀመጡት ሰውዬ ነጭ ሽርጥ ላይ ተገለበጠ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰውዬው ሽርጣቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በጣታቸው ጠረግ አድርገው ቀመሱና «አቦ፣ ልጄ፣ ቅመሙ በዝቷል» አሉኝ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ከድንጋጤዬ ጋር ሳቅሁ። ቀሪውን ሐልዋ በማንኪያ ሰብስበው ቆርቆሮው ውስጥ የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው። አዋሽ ስንደርስም «ሴት ልጅ ብቻዋን አልጋ ስትፈልግ አትዞርም» ብለው የሚያውቋት ሴትዮ ቤት አስገቡኝና ሽርጣቸውን በሌላ ቀይረው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ባለአልጋዋ ሐልዋዬን ከለስላሳው ጋር ፍሪጅ ውስጥ ከተተችልኝ። እኛ ድሬዎች በሙቀት እንመካለን፤ «ሙቀት ማለት የኛ ነው» እንላለን። አዋሽ አፌን አስያዘኝ። የእኛ ሙቀት ቢያንስ ከዛፍ ጥላ ሥር ሲገቡ ያፍራል፤ የአዋሹ ግን ተከትሎ ይገባል።

ሁለተኛው ቀን፤ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ

ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደውን ሐዲድ ዳር ላይ ቆሜ አየሁት። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ባቡሩ ግን ለጊዜው የሚሞከረው በከሚሴና በኮምቦልቻ መካከል ብቻ ስለሆነ እኔ በመኪና መዞር ነበረብኝ። የተገኘው መኪና ደግሞ በአፋር በረሃ አድርጎ፣ በሚሌና በባቲ የሚገባ ነበር። ሐዲድ እያየሁ በጎማ መሄዴ አናደደኝ። አባቴ ቢኖር ኖሮ ከእኔ ይብስ ነበር።

ሚሌ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማ ደግሞ ነፋስ የሚባል አያውቅም። ወርደን በመኪናው ጥላ ሥር ተደርድረን ስንቀመጥ፣ ወደ ወደብ የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር አየንና ቆመ። ጎማውን ነፋልን፤ አንድ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃም ትቶልን ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። ማንጎዬን ግን ሰጥቼዋለሁ።

ከባቲ በኋላ አገሩ ይለወጣል። አረንጓዴው እየበዛ፣ አየሩ እየቀለለ ይሄዳል። ኮምቦልቻ የገባነው ፋብሪካው የቀን ሠራተኛውን ሲለቅ ነው። መንገዱ በሴቶች ተሞልቶ፣ ሁሉም እያወሩ፣ ሁሉም ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ድሬ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ተጋድሟል፤ እዚህ ግን ከተማው ገና የነቃ ይመስላል። ኮምቦልቻን ያን ጊዜውኑ ወደድኳት።

ጀማል መናኸሪያ መጥቶ አቀፈኝ። ጥቁር ሆኗል፣ ከስቷል፣ ጥርሱ ግን አልገጥም ብሏል። «ብሎን አጥብቀን፣ ቁጥቋጦ መንጥረን፣ የተነቀለውን ተክተን፣ ይኸው ሊሄድ ነው!» ይላል ሻንጣዬን ሳይቀበለኝ። እኔ ስለ ሕፃኗ እጠይቀዋለሁ፤ እሱ ስለ ፍሬን ይመልስልኛል።

ቤት ስንገባ ዘይነባ ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ገፍቼ አስተኛኋት። «እትዬ፣ መርሀባ! ደከመሽ አይደል? አብሽሪ፣ አሁን ታርፊያለሽ» አለችኝ፤ አራሷ እሷ፣ አጽናኟም እሷ። ሕፃኗን አቀፍኳት። አፍንጫዋ የአባታችን ቁርጥ ነው፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

«ስሟ ማን ተባለ?»

ጀማል ወደ ጣራው አየ።

«ልጂት እንላታለን» አለች ዘይነባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይነባ እርጉዝ ሳለች፣ «ለልጄ ስም የምታወጣላት እናቴ ናት፤ ጆሮዋ ላይ አፏን አድርጋ ካልጠራቻት ስም አይወጣላትም» ብላ ተናግራለች። እናቷ እማማ ሩቂያ የሚኖሩት ከከሚሴ ወጣ ባለ መንደር ነው። በመኪና ቢመጡ ሩቅ አይደለም። ግን እማማ ሩቂያ መኪና አይወጡም። ከዓመታት በፊት የተሳፈሩበት ሚኒባስ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። ሰው ሁሉ በሰላም ወጣ፤ እሳቸውም ከአንድ ጥርስ በቀር ምንም አልጎደለባቸውም። ከቦዩ ወጥተው፣ ነጠላቸውን አራግፈው፣ በሰው ሁሉ ፊት «ወላሂ፣ ከእንግዲህ ሞተር ባለው ነገር መንገድ አልሄድም!» ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲህ በእግራቸው ናቸው። አሁን ደግሞ ጉልበታቸው ኮምቦልቻ ድረስ አያደርሳቸውም። በልጃቸው ሠርግ እንኳ ሙሽሪት ናት ወደ እሳቸው የሄደችው።

«ቤቴን አይታው አታውቅም» አለች ዘይነባ። «ዕረፍቴ እያለቀ ነው፤ ፋብሪካ ልመለስ ነው። ልጂት ስም ሳይኖራት ለጎረቤት ልተዋት ነው? እናቴ አንድ ቀን እዚህ ደጃፍ ላይ ቆማ ባያት ሌላ ምንም አልፈልግም።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ባቡሩስ?» አልኩ።

«ባቡርም ሞተር አለው አለች።»

አማች አማቱን አይደፍርም፤ ጀማል መለመን አይችልም። የባል እኅት ግን ትልቅ ሰው ናት፣ ሽማግሌ ትሆናለች። «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። ዘይነባ «ብቻሽን አይሆንም፤ አጎቴን ሸህ ሰይድን ይዘሽ ሂጂ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ደሴ ሆጤ ነው ያሉት» አለችኝ። የሙከራው ባቡር ከከሚሴ ሰው ጭኖ የሚመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር።

ሦስተኛው ቀን፤ ደሴ

ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ እየተጠማዘዘ ጆሮ ያደነቁራል። እናንተ የዴቻቱን ድልድይ ወጥታችሁ «ዳገት ነው» የምትሉ፣ ደሴን አላያችሁም። ደሴ ውስጥ ሜዳ ሲገኝ ሰው ቆሞ ያርፍበታል። ብርዱ ደግሞ! እኔ በቀጭን የሽቲ ቀሚስና በነጠላ ጫማ ነው የወጣሁት። ከሚኒባሱ ስወርድ አንዲት ሴትዮ አይታኝ «ውይ በሞቴ፣ ይቺን ማን ነው እንዲህ የላካት?» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለጎረቤቷ።

ለእማማ ሩቂያ ሻሽ ልገዛ ሰኞ ገበያ ገባሁ። እዚያ በእግር መሄድ አይባልም፤ ሰው ይዞሽ ይሄዳል። አንዱ በርበሬ ተሸክሞ ይገፋል፣ አንዱ ፍራሽ ተሸክሞ ይመጣል፣ «ሳብ በይ እናቴ! ሳብ በይ!» ነው። ሻሹን እንደምንም ገዛሁ። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ የጫማዬ ማሰሪያ ብጥስ አለና አንድ እግሬ ጭቃ ውስጥ ገባ። ጫማው ብቻውን ተንከባሎ ወረደ። ሰው ሁሉ ሲስቅ አንዲት ጫማ ሻጭ ወርዳ አመጣችልኝ። በርጩማዋ ላይ አስቀምጣ፣ እግሬን አጥባ፣ የራሷን ካልሲ አውልቃ አደረገችልኝና ጫማዬን ለጎረቤቷ ለጫማ ሰፊው ሰጠችው።

«ከወዴት ነሽ?»

«ከድሬዳዋ።»

«እሱስ ያስታውቃል! ምን እግር ጣለሽ?»

የመጣሁበትን ነገርኳት። የእማማ ሩቂያን መሐላ ስትሰማ ሥራዋን አቁማ አገጯን ያዘች። «የወሎ ሴት ከማለች አለቀ» አለች። ቀጥላ ግን፣ «ብቻ እኮ ልጇ ናት… ታገኝላታለች መላ» አለችኝ። ካልሲውን ልመልስ ብል አልቀበልም አለች። አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ ድሬ ውስጥ ካልሲ ምን ያደርግልኛል?

ሸህ ሰይድ ሆጤ ውስጥ ሳሙናና ስኳር የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። እሳቸው ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ብርዴን ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁኝ ጋቢ ደረቡልኝ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ሌላ ጋቢ። ሾርባዬን ስጠጣ እጄ ብቻ ነበር የሚታየው።

«ሩቂያን አውቃታለሁ» አሉ ሸህ ሰይድ። «መሐላ የፈረሰበት ሰው ከፋራ ያወጣል፤ ድሃ ያበላል። ሃይማኖታችን ገር ነው። ስንቴ ነገርኳት! ‹አላህን በእህል አልደልልም› አለችኝ።»

«ታዲያ አይሄዱም?»

«መሄዱን እሄዳለሁ። ለእኅቴ ሳይሆን ለዚያች ስም ለሌላት ልጅ እሄዳለሁ።» ዓይናቸውን ጨፈኑና ፈገግ አሉ። «ባቡሩንም አይቼው አላውቅም።»

አራተኛው ቀን፤ የእማማ ሩቂያ ደጅ

ደሴን ወርደን፣ ኮምቦልቻን አልፈን፣ ከሚሴ ገባን። ከዚያ በእግር ነው። ሙቀቱ ተመለሰልኝ፤ ከደሴ ለብሼው የመጣሁትን ጋቢ አጣጥፌ እንደ አገሬ ሰው መተንፈስ ጀመርኩ። የምንሄደው በሐዲዱ ዳር ነበር። አንድ ገበሬ አብሮን ሲሄድ፣ «እዚህ ብረት ላይ ማሽላ እናሰጣ ነበር» አለን። «ፍየሎቻችንም እዚህ ነው የሚያርፉት። አሁን ‹ዞር በሉ፣ ባቡር ይመጣል› ይሉናል። ይምጣ! ፍየሎቹ ግን አላመኑም።»

እማማ ሩቂያ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ የፊት ጥርሳቸው ባንድ በኩል የጎደለ ሴት ናቸው። ስቀው ሲያበቁ ክፍተቱን በሻሻቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። «ያ መርሀባ! ያ መርሀባ! የልጄ የባሏ እኅት፣ የኔ አካል!» እያሉ እጄን ሳሙ፣ ጉንጬን ሳሙ። ወተት መጣ፣ የተጠበሰ በቆሎ መጣ፣ የማሽላ እንጀራ በአይብ መጣ። ጎረቤት ሁሉ መጣ። እኛ አገር እንግዳ የቤቱ ሰው ነው፤ እዚህ የመንደሩ ነው። አንዱ ቤት በልተሽ ሌላው ቤት ካልገባሽ ያኮርፋሉ።

ሆዳችን ሞልቶ መናገር ሲያቅተን ሽምግልናው ተጀመረ።

«እማማ፣ ዘይነባ ታለቅሳለች» አልኳቸው። «ልጂት ስም የላትም። ነገ ባቡሩ አለ። ከእኛ ጋር ይምጡ።»

ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ፣ እኔ ሳላለቅስ አድሬ አውቃለሁ? ግን ምያለሁ። በሰው ፊት ነው የማልኩት። ሞተር ባለው ነገር መንገድ አልሄድም ብያለሁ፤ አልሄድም።»

«ከፋራ…» ብለው ሸህ ሰይድ ሊጀምሩ ነው።

«ሰይድ! እሱን ሱቅህ ውስጥ ተናገር።»

አለቀ። ሸህ ሰይድ ወደ እኔ ዞረው ‹ነግሬሽ ነበር› በሚል ዓይን አዩኝ። እኔ ልቤ ተሰበረ፤ ለዘይነባ ምን ብዬ እነግራታለሁ? እማማ ሩቂያ ግን ስለ ባቡሩ መጠየቅ አላቆሙም። ያናውጣል ወይ? በሩ ሰፊ ነው ወይ? ሲቆም ብዙ ይቆማል ወይ?

«ሸኚስ ይወጣበታል?» አሉኝ።

«ይወጣል እማማ። እንግዳውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ይወርዳል። አባቴ እንደነገረኝ ድሮ ድሬ ውስጥ እንደዚያ ነበር።»

«እንግዲያማ» አሉና ተነስተው ወደ ጓሮ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ የዶሮ ጩኸት ሰማሁ። ለራት ዶሮ ሊያርዱልን መሰለኝና «ኧረ አይድከሙ!» ብዬ ጮኽኩ። ራቱ ግን ሽሮ ነበር።

አምስተኛው ቀን፤ ባቡሩ

ወሎዬ እንግዳውን ከደጅ አይሸኝም። ከደጅ የሸኘ «አባረረን» ይባላል። እስከ ወንዙ ይሸኛል፣ እስከ መንገዱ ይሸኛል፣ መኪና ውስጥ አስገብቶ ወንበርሽን በእጁ ጠርጎልሽ ነው የሚመለሰው። እኔና ሸህ ሰይድ ሁለት ነን፤ ሊሸኘን የወጣው መንደሩ በሙሉ ነው። እማማ ሩቂያ ከፊት ናቸው፤ የገዛሁላቸውን ሻሽ አስረው፣ ትልቅ ዘንቢል በነጠላ ሸፍነው ይዘዋል። «ላግዝዎት» ብላቸው «ተይኝ፣ አይከብድም» አሉኝ። ለእኔ ስንቅ ቢጤ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ጣቢያው ደርሰን ቆምን። ከዚያ ባቡሩ ከሩቅ ጮኸ።

እንዴት ልንገራችሁ! ያ ድምፅ ከልጅነቴ ነው የመጣው። አባቴ ምሳውን ጥሎ ሲሮጥ፣ እናቴ «ኧረ ጫማህን!» ስትለው አየኋቸው። በናፍጣ ሞተር የሚጎተቱ ሁለት ተሳቢዎች ብቻ ናቸው፤ ለእኔ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር በዓይኔ አላየሁም። ሴቶቹ እልል አሉ። የአንዱ ፍየል ደንግጣ ገመዷን በጥሳ ጠፋች፤ ባለቤቷም እሷን ትቶ ባቡሩን ያያል።

ወጣን። ከኋላችን መንደሩ ወጣ። አንዱ ወንበሬን ይጠርጋል፣ አንዱ መስኮት ይከፍትልኛል፣ አንዱ «ከዚህ ወገን ፀሐይ አለ፣ ወዲያ ተቀመጪ» ይለኛል። አስተናጋጇ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ልጅ ናት፤ «ሸኚዎች እባካችሁ» ትላለች፣ «እሺ የኔ ልጅ፣ ዱዓ እስኪደረግ ነው» ይሏታል። ያለ ዱዓ ማን ይሸኛል? ሸህ ሰይድ ተነስተው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሁሉም እጁን ዘረጋ።

«ያ ረብ! ይህን ብረት የሰላም መንገድ አድርግልን።»

«አሚን!»

«የሚሄደውን በሰላም አግባ።»

«አሚን!»

«የሚቀረውንም በሰላም አቆይ።»

«አሚን!»

በዚህ መሀል ድምፅ ማጉያው ከጣራው ተናገረ፤ «ባቡሩ ሊነሳ ነው፤ ሸኚዎች በሙሉ አሁኑኑ ውረዱ።»

«አሚን!» አለ ተሳቢው በሙሉ፣ እጁን እንደዘረጋ።

ሸህ ሰይድም አላቆሙም። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለአገሩ ሰላም፣ ለታመመው፣ ለወለደችው ዱዓ አደረጉ። ሁሉም ፊቱን በእጁ አብሶ ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ በመስኮት አዩና «ኧረ ዛፉ ይሄዳል!» ብለው ጮኹ። ዛፉ አይደለም፤ እኛ ነን። ጣቢያው ከኋላችን ቀርቷል።

ያን ጊዜ የሆነውን ጩኸትና ሳቅ ልናገረው አልችልም። አንዷ «ድስቴ እሳት ላይ ነው!» ትላለች። ሌላው «ሚስቴ ገበያ ሄደ ብላ ነው የምታስበኝ» ይላል። አስተናጋጇ ራሷን ይዛ ልታለቅስ ደረሰች፤ ኋላ ስልክ ደውላ፣ ይኸው ባቡር ከሰዓት በኋላ ወደ ከሚሴ ስለሚመለስ ሸኚዎቹ በዚያው እንደሚመለሱ ነገረቻቸው። ነገሩ ሲጣራ እልልታው እንደገና ቀለጠ። ሰው ሁሉ መስኮት መስኮቱን ያዘ። አንዱ ማሳውን አይቶ «ከዚህ ሲታይ ትንሽ ነው ለካ» ብሎ ተከዘ።

እማማ ሩቂያ ብቻ አልጮኹም። አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ ዘንቢላቸውን በእግራቸው መሀል አድርገው፣ ወደ ፊት ያያሉ።

በዚህ ጊዜ ጀማል ከሞተሩ በኩል መጣ፤ ሐዲዱን ለመከታተል ከሾፌሩ ጋር ነበር የተሳፈረው። አማቱን ሲያይ ድርቅ አለ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«እማማ! እ… እርስዎ… ሾፌሩን ላስቁመው?»

«ተው ልጄ» አሉ እማማ ሩቂያ። «ለእኔ ብለህ የሰው መንገድ አታሰናክል። እኔ እችለዋለሁ።»

ሸህ ሰይድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ሩቂያ፣ ሥራ በኒያ፣ በልብ ሐሳብ ነው። ስትወጪ ኒያሽ ምን ነበር?»

«ኒያዬማ መሸኘት ነው። መንደሩ ምስክሬ ነው። መንገድ የሄድኩት እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው የሄደው።»

ወዲያው ከወንበሩ ሥር «ቋቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አስተናጋጇ ዞር አለች። «ዶሮ መጫን ክልክል ነው! የማን ነው?» ሁሉም የኔ አይደለም አለ። እማማ ሩቂያም ወደ መስኮቱ ዞረው «የዘንድሮ ማሽላ ጥሩ ነው» አሉ።

ኮምቦልቻ ጣቢያ ስንወርድ የእማማ ሩቂያን እጅ ያዝኩ። መሬቱን ረገጡና «ያ አላህ» አሉ ቀስ ብለው። በእግር ሄደን ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ወደ ኋላ ቀረት አሉ። ዘይነባ ልጂትን እያጠበች ነበር። ቀና አለች። እናቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ራሷ እንደተመኘችው፣ እዚያው ደጃፍ ላይ። «እማ?» አለች። ሕፃኗን ከነፎጣዋ ተቀበልኳትና ሁለቱ ተቃቀፉ። እኔ አለቀስኩ፣ ጀማል ጓሮ ገብቶ አለቀሰ፣ ሸህ ሰይድም ዓይናቸውን ጨፍነው ነው፤ ምን እንዳደረጉ አላየሁም።

ከዚያ እማማ ሩቂያ እጃቸውን ታጥበው ልጂትን ተቀበሉ። አፋቸውን ጆሮዋ ላይ አድርገው ሹክ አሏት። «ሰዓዳ» አሉ ቀና ብለው። «ሰዓዳ ናት።» ዘይነባ ስሙን እየደጋገመች ሳቀችም አለቀሰችም።

ዘንቢሉን ማንም ልብ አላለውም ነበር። ነጠላው ተነቃነቀና አንዲት ቀይ ዶሮ አንገቷን አውጥታ ወለሉ ላይ ዘለለች። ዘንቢሉ ተገለበጠ። የአራስ ገንፎ ዱቄት ወጣ፣ በቅል ቅቤ ወጣ፣ በእጅ የተሠራች የሕፃን ቆብ ወጣች። ከዚያ የእማማ ሩቂያ መስገጃ፣ ቅያሪ ቀሚሳቸው፣ በመጨረሻም የቤት ጫማቸው ወጣ።

ሁላችንም ጫማውን አየን። ከዚያ እሳቸውን አየን።

«ሸኚ የቤት ጫማ ይዞ ይወጣል?» አሉ ሸህ ሰይድ።

እማማ ሩቂያ ሻሻቸውን ወደ ጎደለው ጥርሳቸው ሳብ አደረጉ። «ሸኚ ዝግጁ ነው» አሉ።

ከሰዓት በኋላ መንደሩ በዚያው ባቡር ሲመለስ ጀማል አንገቱን ደፍቶ «እማማ፣ እርስዎስ?» አላቸው። «እኔማ እንዴት እሄዳለሁ?» አሉ። «ስመጣ ሸኚ ነበርኩ። አሁን ብሄድ መንገደኛ ነኝ፤ ምያለሁ እኮ።» ጫማቸውን አደረጉና ገንፎ ሊያገነፉ ገቡ።

የመጨረሻው ቀን፤ መመለስ

ኮምቦልቻ ገንፎ ስበላ ሰነበትኩ። የማያልቅ ነገር የለምና የምሄድበት ቀን ደረሰ። ዘይነባ ልጇን ለእናቷ ትታ ፋብሪካ ልትመለስ ተዘጋጅታለች፤ ፊቷ በርቷል። የቀለጠው ሐልዋም አልቋል፤ «የድሬ ሐልዋ እንዲህ በማንኪያ ነው የሚበላው?» ብለው ጠይቀውኛል፣ አዎ ብያቸዋለሁ።

ጀማል ሻንጣዬን ያዘ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኘኝ ወጣ። እማማ ሩቂያ ብቻ ሰዓዳን አዝለው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ አልፈው አልሄዱም።

«እማማ፣ እርስዎ አይሸኙኝም?» አልኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

«አይ ልጄ፣ አፉ በይኝ። ይቺን ማን ይይዝልኛል?» አሉና መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነው፤ እስኪያልቅ አሚን አልኩ። ዞር ብዬ ትንሽ እንደሄድኩ ጠሩኝ።

«ሶፊያ! ያ ባቡር ድሬዳዋ ድረስ ይገባል?»

«ሐዲዱማ አዋሽ ላይ ከእኛው ጋር ይገናኛል እማማ። ኢንሻአላህ አንድ ቀን ይገባል።»

ሰዓዳን ከፍ አድርገው አስተካከሏት። ያቺን ጥርሳቸውን ሳይሸፍኑ ሳቁ።

«እንግዲያ የገባ ቀን ወደ ድሬ የሚሄድ ሰው ካለ ላኪብኝ» አሉ፤ «እሸኘዋለሁ።»